እናቴ በማህደሬ ውስጥ የሞተችበት ሳምንት

ባለፈው ማክሰኞ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ የጎረቤቴን ልጅ ትዕግሥትን አገኘኋት። ከጧቱ አራት ሰዓት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከጠረጴዛው ጀርባ መገኘት ያለበት ሰዓት። እሷ ግን በአንድ እጇ የሾርባ ፔርሙስ፣ በሌላው አንሶላ የተጠቀለለበት ፌስታል ይዛ ቆማለች። እኔ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ውስጥ የጨረስሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ብወጣም ዐይኔ ጡረታ አልወጣም፤ በሥራ ሰዓት መንገድ ላይ የማየውን ሠራተኛ ሁሉ በልቤ እመዘግባለሁ። ይህ ጥሩ ጠባይ እንዳልሆነ ባለቤቴ ደጋግማ ነግራኛለች።

«ምነው ትዕግሥት፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» አልኋት።

«እንዴት አደሩ ጋሼ ኑሩ። ፈቃድ ላይ ነኝ። እማየ ወድቃ ዳሌዋን ተሰብራ የለ፤ እሷን እያስታመምሁ ነው።»

«ያለ ደመወዝ ነዋ እንግዲህ።»

«ኧረ ከደመወዝ ጋር ነው።»

«የዓመት ፈቃድሽን ነው እንዴ የበላሽው?»

«የለም፣ እሱማ እንዳለ ነው። ይሄ ቤተሰብ ለማስታመም የሚሰጥ ነው። ራሱን የቻለ።»

አላመንኋትም። እሷም አለማመኔን አይታ ፔርሙሱን አስያዘችኝና ስልኳን አውጥታ የደብዳቤውን ፎቶ አሳየችኝ። በልማዴ መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ ማኅተሙን፣ ከዚያ ግልባጭ ለማን ለማን እንደተባለ አየሁ። ሁሉም በቦታው ነው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለስሁ፤ «ወላጅ እናትዎን ለማስታመም» ይላል። ከደመወዝ ጋር። ስንት ቀን እንደተሰጣት ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ዐይኔ ከዚያ መስመር አላለፈም። ልጅቱ ባጃጅ አግኝታ ሄደች፣ እኔ ግን የምሄድበትን ረስቼ አንድ ሱቅ በር ላይ ካለ ድንጋይ ተቀመጥሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ባለሱቁ ውኃ ልስጥዎ ወይ አለኝ። ደህና ነኝ አልሁት። ደህናም ነበርሁ፤ እንዲያውም ከብዙ ዓመት ወዲህ እንደዚያ ደህና ሆኜ አላውቅም።

ያ የተቀመጥሁበት ሱቅ ድሮ ሻይ ቤት ነበር። ዘመኑን በትክክል አትጠይቁኝ፤ ስብሰባ የበዛበት፣ ስኳር በቀበሌ የሚታደልበት ዘመን ነበር ብል ይበቃል። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ከነዳቦው ስሙኒ። ባለቤቱ አንድ ቴፕ ነበረው፤ ከጧት እስከ ማታ አንድ የናፍቆት ዘፈን ያጫውትበታል። ካሴቱ ከመደጋገሙ ብዛት መሀሉ ላይ ይንተፋተፍ ነበር። ያን ዘፈን ዛሬ በሬዲዮ በጥራት ሲመጣ ስሰማው አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል። እኛ የመሥሪያ ቤት ልጆች ቴትሮን ሱሪ እንለብስ ነበር፣ ከጉልበት በታች እየሰፋ ሄዶ ጫማ የሚሸፍን፣ የፍኖተ ሰላምን አቧራ ያለ ደመወዝ የሚጠርግ። ሸሚዝ ሁለት ነበረኝ፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ እናቴ ዘንድ ስሄድ የምለብሰው። የአውቶቡሱ ዋጋ አንድ ብር ከስሙኒ ሆኖ ማንኩሳ ላይ ሲቆም ሴቶች በመስኮት ሸንኮራ ያቀብሉናል። አሁን ያ ሁሉ መንገድ አስፋልት ነው፣ ሰዉም በመስኮት ፋንታ ስልኩን ያያል።

እናቴ ሐሊማ ትባላለች። ቡሬ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጥ ነበር። አባቴ ገና ድክድክ ስል ነው የሞተው፣ ሌላ ልጅ አልወለደችም፣ ስለዚህ እሷ ያላት እኔን፣ እኔም ያለኝ እሷን ነበር። ያስተማረችኝ በበርበሬው ነው። ደብተሬ ሳይቀር በርበሬ በርበሬ ስለሚሸት መምህሮቼ የኔን ሲያርሙ ያስነጥሱ ነበር። እርሻ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ የመጀመሪያዋን ደመወዝ ስወስድላት፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ «አሁን ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ወለድሁ» አለች። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ጆንያ ላይ ነበር የተቀመጠችው።

አንድ ሰኞ የቡሬ ሾፌር መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አስጠራኝና እናትህ ታማለች፣ ቶሎ ድረስ አለኝ። ደረስሁ። ግራ ጎኗ በድን ሆኗል፣ አፏ ወደ አንድ በኩል ሄዷል፣ የምትናገረውን የሚሰማት ጎረቤታችን እትየ የውብዳር ብቻ ናት። ገሚሱ ምች ነው አለ፣ ገሚሱ መጋኛ ነው አለ። ከክሊኒኩ የመጣው ድሬሰር ግን ደም ግፊት ነው አለና ለብቻዬ ወደ ውጭ አወጣኝ። «ስማ፣ ወሳኙ የመጀመሪያው ወር ነው። በየሰዓቱ ማገላበጥ፣ እጅ እግሯን ማንቀሳቀስ፣ ሳያንቃት በትዕግሥት መመገብ። ብቻዋን ከተኛች የሚገድላት ሕመሙ አይደለም፣ መኝታው ነው» አለኝ። እትየ የውብዳር ሰባት ልጅ አላት፣ ሁለት ቀን ልያዝልህ አለች እንጂ ወር ልትይዝልኝ አትችልም። ሥራዬን ትቼ እንዳልቀመጥ ደግሞ የምንበላው እሱን ነው፤ እናቴ ከእንግዲህ በርበሬ ልትሸጥ ነው ወይ?

ማግሥቱን ማክሰኞ ተመልሼ የአስተዳደር ኃላፊያችን አቶ ደመላሽ ፊት ቆምሁ። አቶ ደመላሽ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ነገር ግን ወረቀት የማይናገረውን አይሰሙም ነበር። ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ አዳመጡኝና ማህደሬን አስመጡ። የዓመት ፈቃዴን ክረምት ላይ የእናቴን ቤት ጣሪያ ሳስቀይር ጨርሼዋለሁ።

«የሕመም ፈቃድ ይሰጡኝ» አልኋቸው።

«ታመሃል?»

«እናቴ ናት የታመመችው።»

«እሱማ ሰማሁ፣ እግዚአብሔር ይማራት። ደንቡ የሚያውቀው ግን ሁለት ነገር ነው ልጄ፤ ራስህ ስትታመም፣ ሰው ሲሞትብህ። በመካከሉ ያለውን አያውቀውም።»

«በመካከሉ ያለውማ ማስታመም ነው ጋሼ።»

«ገባኝ። ግን እሱ ቅጽ የለውም።»

ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ መደርደሪያዎቹ መካከል ቆሜ ዋልሁ፣ ማታም አልተኛሁም። ረቡዕ ጧት አንድ ነጭ ወረቀት ወስጄ፣ «ወላጅ እናቴ ስላረፉብኝ የሐዘን ፈቃድ እንዲሰጠኝ» ብዬ ጻፍሁ። ምነው አጎትህን ወይ አክስትህን አትገድልም ነበር የሚለኝ ሰው ይኖራል። አጎትም አክስትም የለኝም፤ ማህደሬ ላይ «የቅርብ ቤተሰብ» በሚለው መስመር የተጻፈው አንድ ስም ነው። በእኛ አገር ሕያው ሰው ሞተ ማለት ሟርት ነው፣ ሟርት ደግሞ መንገዱን አይስትም ይባላል። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ታይፒስታችን ወይዘሮ አልጋነሽ ልትመታው ተቀብላ አነበበችና መኪናውን ትታ አቀፈችኝ። እሷ ሞተች ለተባለችው ሴት አለቀሰች፣ እኔ ለዋሸሁት አለቀስሁ። አቶ ደመላሽም እናቴ መታመሟን ሰምተዋልና ምንም አልጠረጠሩም፤ ቀና ሳይሉ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብለው ፈረሙ። ሦስት ቀን፣ በእሑድ ሲታገዝ አራት። ከዚያ በኋላስ ብዬ አላሰብሁም።

ያላሰብሁት ሌላም ነበር። ወረቀቱን አሰብሁ፣ ቁጥሩን አሰብሁ፣ ማኅተሙን አሰብሁ፣ ሰውን ግን ረሳሁ። ጎጃም ውስጥ እናቴ ሞተች ብሎ ፈቃድ የሚወስድ ሰው መሥሪያ ቤቱ ለቅሶ ሳይደርሰው የሚቀር መስሎኝ ነበር። ስንቱን ባልደረባ ለቅሶ በዚያችው በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ተጭኜ ደርሻለሁ፤ ደጀን ድረስ፣ ፈረስ ቤት ድረስ፣ ጭቃ ስንገፋ ውለን። ለኔ ሲሆን ረሳሁት። ወረቀት የለመደ ሰው እንዲህ ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ እናቴን ደግፌ አውጥቼ በር ላይ ፀሐይ አሞቃታለሁ። ሁለት ቀን ሳገላብጣት፣ እጇን ሳሸው፣ በዘይት ስቀባት ቆይቼ የግራ እጇ አውራ ጣት ትንሽ ተንቀሳቅሳለች፣ ንግግሯም እየተፈታ ነው። አጥሚት በማንኪያ እየሰጠኋት ሳለ ከገበያው በኩል ጩኸት ሰማሁ። አልጋነሽን በድምፅዋ አወቅኋት። በመሥሪያ ቤታችን እንደሷ የሚያስለቅስ አልነበረም፤ ሟቹን ባታውቀውም እንደ እናቷ ልጅ ታለቅስለታለች። በእኛ በእስላሞቹ ዘንድ ሙሾ አይበረታታም፣ ባልደረቦቼ ግን በሚያውቁት መንገድ ነው የሚወዱኝ። ፒክአፗን ገበያው ጫፍ ላይ አቁመው፣ «የወይዘሮ ሐሊማ ለቅሶ ቤት የት ነው?» ብለው የቅመም ነጋዴዎቹን ሲጠይቁ ነጋዴዎቹ ደንግጠው ሚዛናቸውን ጣሉ። ትናንት ፀሐይ ስትሞቅ ያየኋት፣ ምነው ሳልሰማ፣ እያሉ እነሱም ተከተሉ። ስለዚህ ወደ በራችን የዞረው የመሥሪያ ቤቱ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከፊት አልጋነሽ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከኋላ የቡሬ በርበሬ ተራ በሙሉ።

እናቴ ማንኪያውን በቀኝ እጇ ገፋ አደረገችና፣ «ማነው የሞተው?» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ሰዎቹም ዞር እንዳሉ አዩን፤ ቆሙ። የአልጋነሽ ድምፅ አፏ ውስጥ ቀረ። አቶ ደመላሽ ለለቅሶ ያወለቁትን ባርኔጣ እንደያዙ፣ መጀመሪያ እናቴን፣ ከዚያ ማንኪያውን፣ ከዚያ እኔን አዩ። እኔ በልቤ ያነበብሁት አንድ ሰርኩላር ብቻ ነው፤ በሐሰት ፈቃድ የወሰደ ሠራተኛ ከሥራ ይሰናበታል የሚለውን። ያባዛሁትም፣ በየክፍሉ ያደልሁትም እኔው ነበርሁ።

እናቴ ግን ነጋዴ ናት። የሰው ፊት አይታ ሒሳቡ የት እንደተሳሳተ ታውቃለች። ሕዝቡን አየች፣ እኔን አየች፣ አንገቴን ደፍቻለሁ።

«ኑሩ፣ እኔ ነኝ?» አለች።

«አዎ እማየ» አልሁ።

ከዚያ በዚያ በተጣመመ አፏ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ «ገድሎኝ ነው እንዴ የሚያጎርሰኝ?» አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው እትየ የውብዳር ናት። ከዚያ በርበሬ ተራው፣ ከዚያ አልጋነሽ እንባዋን እየጠረገች፣ በመጨረሻ ግቢው በሙሉ። አቶ ደመላሽ ብቻ አልሳቁም። እናቴ ቀኝ እጇን ወደ ሰሌኑ ዘረጋችና፣ «ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ። ለቅሶ ብሎ ከፍኖተ ሰላም የመጣ ሰው በር ላይ አይቆምም» አለች። ያመጡትን ዳቦ ተቀበሏቸው፣ የተዋጣውን ገንዘብ ግን መልሱላቸው ብላ እትየ የውብዳርን አዘዘቻት፤ እሱ ሲደርስ ይመጣል አለች። አቶ ደመላሽ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ለመሆኑ ስንት ቀን ሰጣችሁት ጌታው?» አለቻቸው።

«ሦስት ቀን፣ እመት ሐሊማ።»

«ለሞተ ሰው ሦስት ቀን አያንስም። እኔ ግን እንደምታዩኝ ገና ነኝ። ለእንደኔ ዓይነቱስ ምን አላችሁ?»

«እሱን እንኳ ደንቡ...» አሉና አቆሙ።

«የጻፈው ሰው እናቱ ታማበት የማታውቅ እንደሆነ ነው» አለች እናቴ፤ በቁጣ አይደለም፣ ስለማታውቀው ሰው በጎ እያሰበች።

አቶ ደመላሽ ለብዙ ጊዜ የሷን ግራ እጅ አዩ፣ ያን ጭኗ ላይ የተቀመጠውን፣ አውራ ጣቱ አልፎ አልፎ የሚነቃነቀውን። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ማመልከቻህ ቁጥር ወጥቶለታል። ቁጥር የወጣለት ወረቀት አይቀደድም፤ አንተም ታውቃለህ» አሉኝ። አውቃለሁ አልሁ። ያን ጊዜ አበቃልኝ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው የሐዘን ፈቃዴን ግልባጭ ከአልጋነሽ ቦርሳ ተቀበሉና ጀርባው ላይ፣ ጉልበታቸውን ጠረጴዛ አድርገው ጻፉ። «ሟች በሕይወት ስለ ተገኙ የሐዘን ፈቃዱ ተሰርዟል» ይላል፣ ከነፊርማው። ከሥሩ ደግሞ፣ «ሠራተኛው ከሰኞ ጀምሮ በቡሬ ቅርንጫፍ የሚገኘውን መዝገብ እንዲያደራጅ ተመድቧል።»

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የቡሬ ቅርንጫፍ መዝገብ ማለት ጣሪያው በሚያፈስ አንድ ክፍል ውስጥ እስከ ወገብ የተከመረ ወረቀት ነበር። ለዓመታት ሰው ሊመደብበት የማይፈልገው ቅጣት ቢኖር እሱ ነው። ክፍሉ ያለው ከገበያው ጀርባ፣ ከእናቴ በር ተጣርቶ የሚሰማበት ቦታ ላይ ነው። አቶ ደመላሽ ሲነሱ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፣ «በጥድፊያ የተሠራ መዝገብ አልወድም። ስድስት ወር ከፈጀ ስድስት ወር ይፍጅ» አሉኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አደረጉና በወጉ እናቴን ተሰናብተው ወጡ።

ሰዉ ሁሉ ሲሄድ አጥሚቱ ቀዝቅዞ ነበር። ላሞቀው ስነሳ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ስትጽፈው አለቀስህ?» አለችኝ።

«አለቀስሁ እማየ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«ያች ወፍራም ሴትዮም ከልቧ ነበር ስታለቅስልኝ። ሰው የራሱን ለቅሶ ሰምቶ አያውቅም፣ እኔ ሰማሁት። አልሐምዱሊላህ፣ ደግ ነበር» አለች። ከዚያ ሳቀች፣ ጉንጯ አንዱ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። እኔ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ የዚያ ሳምንቱ እውነተኛ ለቅሶ እሱ ነበር፣ የደስታ ነው።

ስድስቱን ወር በሙሉ ወረቀትና እናት ሳገላብጥ ከረምሁ። ጧት አጥቤያት፣ ፀጉሯን አበጥሬ፣ አብልቼ እሄዳለሁ፤ በየሰዓቱ ብቅ እላለሁ። መጀመሪያ ወንድ ልጅ እናቱን ሲያበጥር ብለው የሳቁብኝ ነበሩ፣ በኋላ ግን የገበያው ሴቶች ወንዶቻቸውን እኔን እያሳዩ ይሰድቡ ጀመር። ክረምት ሲገባ በከዘራ ቆመች። በመስከረም ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች፣ በአንድ እጇ እየሰፈረች፣ ደንበኞቿን «እኔ ሞቼ የተነሣሁ ነኝ፣ ከኔ ጋር ዋጋ አትከራከሩ» እያለች። የቡሬ መዝገብም እንደዚያ ተደራጅቶ አያውቅም፤ ዛሬ ሁሉ ነገር ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ የኔ ቁጥሮች ናቸው የሚሠሩት ይሉኛል። ይህን ስናገር ትንሽ እኮራለሁ፣ ይቅር በሉኝ።

እኔ ዕድለኛ ነበርሁ። ዕድለኛ ያልሆኑትን ደግሞ በእጄ ነው በየማህደራቸው ያስገባኋቸው። በሠራሁበት ዘመን ሁሉ የሐዘን ፈቃድ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ቀኑን አያለሁ፣ ከዚያ ማህደሩን ገለጥ አደርግና ከሳምንት በፊት ወይ ከወር በፊት የተጻፈ ሌላ ማመልከቻ አገኛለሁ፤ «አባቴ ስለታመሙብኝ» የሚል፣ ጥግ ላይ በቀይ «አይፈቀድም» የተጻፈበት። ሁለቱን ወረቀት በአንድ ክር እሰፋቸው ነበር። ያ ሁሉ ልጅ ቢሮ ተቀምጦ ሰዓት ሲቆጥር ቆይቶ ለቀብር ብቻ ደረሰ። ማክሰኞ ዕለት የትዕግሥትን ደብዳቤ ሳይ ከደረቴ የወረደው ሸክም የነሱም ነው። ልጅቱ ስለ እናቷ መዋሸት አላስፈለጋትም፤ ይህን ብቻ እንኳ ባይ ዕድሜዬ አልባከነም እላለሁ።

እናቴ ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። የእውነቱ ቀን የመጣው በጧት ነው፣ ትራሷን ሳስተካክልላት፣ ስሜን ጠርታ። አልጋነሽ ወሬው ሲደርሳት ፒክአፑ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ቡሬ ደውሎ ያረጋግጥ አለች አሉ፤ አልፈርድባትም። ሦስቱን ቀን ወሰድሁ፣ ቀብሬ፣ ከሰው ጋር ተቀምጬ፣ አራተኛው ቀን ላይ ሸሚዜን ለብሼ ሥራ ገባሁ። አቶ ደመላሽ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ከጠረጴዛቸው ተነሥተው መጡና፣ «ኑሩ፣ ሦስት ቀን ለእናት ትንሽ ነው። አንድ መላ ፈልጌ ልጨምርልህ?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ በቂ ነው» አልኋቸው። «እርስዎ እኮ ያኔ በሕይወት ሳለች ሰጥተውኛል።»